ተራ መጠበቂያው ላይ የሰቀልኩት ሰማይ

የመጀመሪያዬን የኔቡላ፣ ማለት የሩቅ ሰማይ ደመና፣ ፎቶ ያነሳሁት አቦቦ፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ግቢ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ነው። ሰው ሁሉ ሲያማርር እኔ ደስ አለኝ፤ ሰማዩ ቁልጭ ብሎ ነበር። ያገለገለች ካሜራዬን መቆሚያዋ ላይ አስሬ፣ ተሰልፈው ከሚታዩት ሦስት ከዋክብት ዝቅ ብሎ ወዳለው ቦታ አነጣጠርኩ። መሬት ስለምትዞር የካሜራው ዓይን ብዙ ተከፍቶ ከቆየ ኮከቡ ፎቶው ላይ ሰረዝ ይሆናል። ስለዚህ አጫጭር ፎቶዎች በብዛት አንስቼ ላፕቶፕ ላይ ደራረብኳቸው። ሮዝና ሐምራዊ ደመና ቀስ እያለ ብቅ ሲል ብቻዬን እልል አልኩ።

ጋምቤላ ከተማ ሄጄ በትልቁ አሳተምኩትና ተራ መጠበቂያው ግድግዳ ላይ፣ ከክትባት ማስታወቂያው አጠገብ ሰቀልኩት። ሰው ተራው እስኪደርስ የሚያየው ነገር ይኑር ብዬ ነው። ምን እንደሆነ ግን አንዲት መስመር እንኳ አልጻፍኩበትም።

በማግስቱ ለእርግዝና ክትትል የመጣች አንዲት የአኙዋ ሴት እኔ የምሠራበትን የላብራቶሪውን መስኮት አንኳኳች።

«ሲስተር፣ ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«የቱ?»

«ግድግዳ ላይ ያለው። ሆድ ውስጥ አመመው?»

ለካ አልትራሳውንድ መስሏታል! ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ «ልጅ አይደለም፣ ሰማይ ነው። ከዋክብት የሚወለዱበት ደመና ነው» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «ይወለዳሉ ካልሽ፣ ያው ሆድ ነው» ብላ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ኃላፊያችን ግን አልሳቀም። «እናቶቹ እኔን እየመጡ ይጠይቁኛል። ወይ ጻፊበት፣ ወይ አውርጂው!» አለኝ። በአማርኛ ጻፍኩ፤ ያቺው ሴት በቋንቋዋ እየነገረችኝ ከሥሩ ጨመርኩበት።

ጽሑፉን ካነበቡት አንዱ ድሮ በሰፈራ ከወሎ የመጡ አዛውንት ገበሬ ነበሩ፤ ለወባ ምርመራ መጥተው።

«ሰማይ ሳይ ነው ያረጀሁት» አሉኝ፤ «እንዲህ ያለ ቀለም አይቼ አላውቅም። የታለ?»

ማታውኑ ተመልሰው መጡ። ገና መምሸቱ ነበር። ሩቅ ማያ ባይኖኩላሬን ሰጠኋቸውና አቅጣጫውን አሳየኋቸው። ብዙ ቆዩ።

«ይቺ እንደ ጭስ ያለችው ናት?»

«አዎ አባባ።»

«ታዲያ ቀለሙን አንቺ ነሽ የቀባሽው?»

ፊቴ ጋለ። ካሜራ ዓይናችን የማይችለውን ብርሃን እንደሚያጠራቅም፣ ቀለሙ በእርግጥ እንዳለ፣ ደመቅ ያደረግሁት ግን እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ እሱንም ጻፊው» አሉኝ፣ ባይኖኩላሩን ከዓይናቸው ሳያነሱ።

ጻፍኩት። በሳምንቱ ማታ ባለቤታቸውን ይዘው ከች አሉ። ያመማቸው ነገር የለም፤ ሰማዩን ሊያዩ ነው የመጡት። እትዬ ባይኖኩላሩን ገልብጠው ይዘው «ኧረ ምንም የለም!» ሲሉ፣ ባልየው አስተካክለው ያዙላቸውና እንደ አስጎብኚ ያብራሩ ጀመር። እኔም ወንበር አምጥቼ ተቀመጥኩ።