ዐይነ አፋሩ ሽጉጥ

በዐቢይ ጾም ድምፅን ከፍ አድርጎ መሳቅ እንደማያምር አላጣሁትም። እንዲያውም በማኅበራችን ውስጥ በጾም ወራት ቀስ ብላ የምትናገር ተብዬ የምታወቅ ነኝ። ያን ዓመት ግን በጾሙ አጋማሽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ፊት ቆሜ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ምን አግኝተሽ ነው አሉኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋቸው። ገና መሐሉ ላይ ስደርስ እሳቸውም መስቀላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

አባቴ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ገበያ ራቅ ብሎ በሚገኝ ደጋ፣ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። እኔ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ከአገሬ ከወጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ሽጉጡን የገዙት እኔን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ፣ ፈቃድ አውጥተው፣ ከሕጋዊ አስመጪ ነበር። ሻጩ ከሽጉጡ ጋር የዋስትና ወረቀት ሰጣቸውና ቀኑ ሳያልፍ ከተበላሸ ፋብሪካው በነፃ እንደሚጠግንላቸው አስረዳቸው። አባቴ ወረቀቱን ቆብ አውልቀው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሽጉጡን ሲያዩ ያልታየ ደስታ ወረቀቱን ሲያዩ ታየባቸው። ባሕር ማዶ ያለ፣ መልካቸውን የማያውቅ ሰው ቃል ገባላቸው እኮ። አገር ቤት እንደገቡም ወረቀቱን ዳዊታቸው ውስጥ፣ ዘወትር በሚያነቡት ገጽ መካከል አስቀመጡት።

ከዚያ ታናሽ እህቴ ለእስቴ ልጅ ታጨች። በጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ የልጁ አባት ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው ከመካነ ኢየሱስ በኩል መጡ። ነገሩ በሰላም ሲያልቅ የልጅቷ አባት ደስታቸውን በጥይት ማሰማት አለባቸው፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው። አባቴ ወደ ጓሮ ወጡ፣ ክንዳቸውን ከታች ወዳለው ገደል ዘረጉ፣ ቃታውን ሳቡ።

ቀጭ።

ደገሙት። አሁንም ቀጭ።

ይህን በስልክ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ስትነግረኝ አንዴ ታዝናለች፣ አንዴ ሳቋ ያመልጣታል። የእስቴው አማች ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው፣ "አይዞዎት፣ እንደ ሙሽራችን ዐይነ አፋር ቢሆን ነው" አሏቸው። ከዚያ የራሳቸውን አሮጌ ጠመንጃ አንሥተው አገሩን አናወጡት።

ከዚያ ቀን ወዲህ የአባቴ ኑሮ ኑሮ አልሆነም። ገበያ ሲወርዱ ከኋላቸው አንዱ በምላሱ ቀጭ ያደርጋል። ዞር ሲሉ ሁሉም በግ እየተደራደረ ነው። ሰንበቴ ላይ ማንቆርቆሪያው ሲከደን ክዳኑ ቀጭ ያለ እንደሆነ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የያዘውን ጠላ ያያል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ሠርጉ ደግሞ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ተቆርጧል። በዚያ ቀን፣ በሁለት አገር ሰው ፊት፣ ያው ሽጉጥ እንደገና ዝም ካለ አባቴ ከእንግዲህ ሌላ ስም አይኖራቸውም።

ጾሙ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ደወሉልኝ።

"የእኅትሽ ልጆች ሲወለዱ 'አያታችን ቀጭ' ብለው ይጠሩኛል። ይኼ እንዲሆን አልሻም።"

ወረቀቱን ከዳዊቱ አውጥተው ቀኑን እንዲያነቡልኝ ለመንኋቸው። መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ቀኑ ያለፈበትና ያላለፈበት ነገር ነፍሱ ውስጥ የገባ ነው። አነበቡልኝ፤ አላለፈም። እንግዲያው ፋብሪካው ቃሉን ይጠብቅ፣ ይዤው እመጣለሁ አሉ።

ያኔ መንገዱ ደህና ነበር። ጥይቱን ቤት ትተው፣ ፈቃዱን ደረት ኪሳቸው ከተው ተሳፈሩ። በየኬላው ፖሊስ ሲፈትሻቸው ፈቃዳቸውን ከማሳየታቸው በፊት የሽጉጡን ሕመም ይናገራሉ፦ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደሚል፣ ወዴት እየወሰዱት እንደሆነ። አንዱ ፖሊስ አዘነላቸውና ባዶነቱን አይቶ፣ ወደ ሜዳው አዙሮ ሞከረው። ቀጭ። አባቴም "አየህ?" አሉት፤ ሐኪም ልጃቸውን ሲነካው ያለቀሰላቸው ያህል ደስ ብሏቸው። ቤቴ ደርሰው ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ጋቢያቸውን እንኳ አላወለቁም ነበር።

የምኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ አንዱ ግድግዳ ሥዕለ አድኅኖ የተሰቀለበት ነው። ሽጉጥ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት አላሳድርም አልኋቸው። ብዙ ተከራክረን መጨረሻ ላይ ከበሩ ሥር፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ አደረ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነሥቼ ጠበል ልረጭበት ስል አባቴ ከጋቢያቸው ውስጥ ድምፅ አሰሙ። ውኃ እንዳታስነኪው፣ ይዝጋል፤ ብረት የሚወደው ሌላ ነው አሉኝ። ብረት የሚወደው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ።

ጠዋት ታክሲ ውስጥ ጎኔን ነካ አደረጉኝ። "ስለ ዘይት ካነሡ፣ የምመልስ እኔ ነኝ።"

"የምን ዘይት?"

"የምመልስ እኔ ነኝ አልሁሽ እኮ።"

ከተጠየቅሁ እንደማልዋሽ ነገርኋቸው። የማታውቂውን ምን ብለሽ ትዋሻለሽ አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

የአስመጪው መጠገኛ ንጹሕ ክፍል ነው። በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ሰዎች አቀርቅረው ይሠራሉ። የተቀበለን ፀጉሩ የሸበተ፣ ለስለስ ያለ ሰው ነበር። ወረቀቱን ግራና ቀኝ አየና፣ የፋብሪካው ቃል እንዳልተሻረ፣ ግን አንድ ነገር መጠየቅ እንዳለበት ነገረን።

"አባቴ፣ በጠመንጃ ዘይት ብቻ ይዘውት ከሆነ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው፤ ወደዚያው እንልከዋለን፤ ዘመን ተለውጦ መስቀል ሲደርስ ይመለሳል። ሌላ ነገር ነክቶት ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ ፋብሪካው አያገባውም። በምን ነበር የሚቀቡት?"

አባቴ ወረቀቱን አዩት። እኔ የጠረጴዛውን እግር አየሁ። ዋሽተው ዋስትናውን ቢያስከብሩ ሽጉጡ በሠርጉ ቀን ባሕር ማዶ ነው፤ እውነቱን ቢናገሩ ደግሞ ያ ዳዊት ውስጥ የኖረ ቃል በገዛ አፋቸው ይፈርሳል።

"በቅባት" አሉ በመጨረሻ።

ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ሽጉጡን ፈታታው። ጥይቱን የሚመታው መርፌ ከማደሪያው አልወጣ አለው። በመብራት ሲያየው ቢጫ ነገር ዙሪያውን ደርቆ ይዞታል። የሞቀ አየር የሚነፋ መሣሪያ አነሣ። ይህን ጊዜ አባቴ ክንዱን ያዙት።

"ተወው ልጄ፣ አታሙቀው። እነሱ ሳያዩኝ ቃል ሰጡኝ፤ እኔ ዐይን ለዐይን እየተያየሁ አልዋሽም። ቅቤ ነው።"

ሰውየው አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ሐኪም እንደሚጠይቀው አድርጎ ጠየቃቸው።

"ለጋ ነው ንጥር?"

"ለጋ መስሎኝ ነበር" አሉ አባቴ። "ጓዳው ጨለማ ነው።"

ሰውየው መሣሪያውን አስነሣው። ቅቤው ቀለጠ። ከዚያ የኮሰረቱና የኮረሪማው ሽታ ብድግ ብሎ ክፍሉን ሞላው። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም፤ እዚያ ያለው ሰው አብዛኛው እህል አልቀመሰም። ያቀረቀረው ሁሉ ቀና አለ። ከጥግ አንዱ፣ ማነው በሁዳዴ ክትፎ የሚሠራ አለ። በዚህ መሐል ከመርፌው ማደሪያ አንዲት የኮረሪማ ስባሪ በቅቤው ላይ ተንሳፍፋ ወጣች። ሰውየው በመቆንጠጫ ይዞ በብርሃን አያት፤ እኔም አየኋት። የማኅበሬ ሰዎች ያላዩት ሳቄ ያን ጊዜ ነው የፈነዳው። አባቴ መጀመሪያ ገላመጡኝ፤ ቀጥሎ አፍንጫቸው ሰፋ፣ ሽታውን ሳቡ፣ "የናትሽ እጅ ግን" ብለው እሳቸውም ተሸነፉ።

ስንወጣ ሁሉንም ነገሩኝ። አያቴ አሮጌ ጠመንጃቸውን ዕድሜ ልካቸውን በለጋ ቅቤ ሲያሹት ኖረዋል፤ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈራቸውም። አባቴም በነቢያት ጾም፣ ቅቤ በማይበላበት ወቅት፣ ጓዳ ገብተው በጣታቸው ዛቅ አደረጉ። እናቴ ግን ለገና ብላ ያለውን ሁሉ አንጥራው ኖሯል። በማግሥቱ ክዳኑን ስትከፍት ጎድሎ አገኘችው፤ ድመቷን ጠረጠረች። በጾም ጓዳ የምትገባ ድመት አላሳድርም ብላ ከወንዝ ማዶ ላለች ሴት ሰጠቻት። አባቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ሰሙ፤ አልተነፈሱም።

"ለናትሽ እንዳትነግሪብኝ" አሉኝ።

ካልጠየቀችኝ አልነግራትም፣ ከጠየቀችኝ ግን አልዋሽም አልሁ።

"የምትጠይቀው ድመቷን ነው፤ አንቺን ምን ብላ ትጠይቅሻለች" አሉና ተጽናኑ።

ጠጋኙ ግን ዋስትና የተጠየቀበትን ነገር ራሱ መዝጋት እንደማይችል ነግሮን ፎቶግራፉን ወደ ፋብሪካው ልኮ ነበር። መልሱ እስኪመጣ አባቴ እኔ ዘንድ ሰነበቱ፤ ጠዋት ኪዳን፣ ቀን ቅዳሴ፣ ማታ የዋስትና ጉዳይ። መልሱ ሲመጣ ብረቱ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ የእኛ አይደለም፣ ታጥቦ በጠመንጃ ዘይት ብቻ ይያዝ የሚል ነበር። በዚያ ላይ የወጣችው ፍሬ ምን እንደሆነች ጠይቀዋል፤ ጠጋኙ ቅመም ናት ብሎ መልሶላቸዋል። አባቴ ይከፋቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ልክ ናቸው" አሉ። "ቃል የገቡልኝ ለሠሩት ብረት ነው። ለእኔ ቅቤ አልገቡም።"

ሽጉጡ ታጥቦ፣ ተሞክሮ፣ ከትንሽ ብልቃጥ ዘይት ጋር ተመለሰላቸው። ብልቃጡን ከፍተው አሸተቱት። ይኼንስ ማንም ድመት አይነካውም አሉ።

ለሠርጉ ፈቃድ ወስጄ ስማዳ ወረድሁ። እናቴ ከዳስ ጓዳ፣ ከጓዳ ዳስ ትላለች። ያን ሁሉ ቀን ፊቷን ሸሽቼ ዋልሁ፤ ወጥ ቅመሺ ስትለኝ እንኳ ዐይኗን አላየሁም። በሠርጉ ዕለት ማለዳ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ የእስቴዎቹ አጀብ እየዘፈነ ሽቅብ ወጣ። የሁሉም ዐይን አባቴ ወገብ ላይ ነው። ከአጃቢዎቹ ውስጥ አንዱ በምላሱ ያችን ድምፅ አሰማ፤ ሌሎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። እኔ ከገደሉ በታች ሰው አለመኖሩን ሁለቴ አይቼ ተመለስሁና ነጠላዬን ጨብጬ ድንግል ማርያም ዛሬን ብቻ አልሁ። አባቴ ክንዳቸውን ወደ ገደሉ ዘረጉ።

ዷ አለ። ገደሉ ተቀብሎ መለሰው፤ ማዶው ደግሞ ደገመው። እልልታው ዳሱን ሊያነሣው ደረሰ። እኔም ከሁሉ በላይ እልል አልሁ፤ በኋላ ድምፄ ለሦስት ቀን አልተመለሰም።

የእስቴው አማች እንመልስ እንጂ ብለው ወደ ፊት ወጡ። ያን አሮጌ ጠመንጃ ወደ ገደሉ አቀኑ።

ቀጭ።

ደገሙት። ቀጭ።

ዘፈኑ ቆመ። የእኛ ሰው አፉን ሞልቶ የያዘውን ሳቅ ለመልቀቅ አባቴን ያያል፤ ከጥር ጀምሮ የጠበቁት ቀን ነው፣ አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚበቃቸው። አማችየው ጠመንጃውን ወደ ታች አድርገው የሚያደርጉት ጠፋቸው። ፊታቸው ላይ የአባቴን የጥር ፊት አየሁት።

አባቴ ተጠጓቸው። ድምፃቸውን ግን ዝቅ አላደረጉም።

"አማቼ፣ ለጋ ነው ንጥር?"

ሰውየው ማን ነገራቸው በሚል ዐይን አዩዋቸው። "ለጋ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

"እንግዲያው ከእኔ ይሻላሉ። እኔ ንጥሩን ነበር የቀባሁት። እስከ ኮረሪማው አጉርሼው ነው በጥር ያሳፈረኝ።"

መጀመሪያ የሳቁት አማችየው ናቸው። ጠመንጃቸውን ለሰው ሰጥተው አባቴን አቀፏቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይዘው ሲንፈራፈሩ የሁለቱም አገር ሰው አብሮ ፈረሰ። ሙሽራው ሳይቀር ሚዜው ትከሻ ላይ ተንተርሶ ሳቀ።

ያልሳቀች አንዲት ሰው ነበረች። እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ከጓዳ ወጥታ ቆማ ነበር።

"ድመቴን" አለች። "ድመቴን ምን ብዬ ሰጠኋት?"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ ታውቂ ነበር?"

ተጠየቅሁ፤ አልዋሸሁም።

በማግሥቱ ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ አባቴ በጠዋት ተነሥተው ወንዙን ተሻገሩ። እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ እኔም አጠገቧ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ድመቷን በአኮፋዳ ይዘው ሽቅብ መጡ፤ ጭንቅላቷን አውጥታ አገሩን እያየች። መንገድ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላም ይላቸዋል። ከኋላቸው ቀጭ የሚል አልነበረም።

ሚያው የሚል ግን ሞልቶ ነበር።