አሥራ አንድ ዓመት የተለካ ዝናብ

በለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመታት የስኳር መጠን ሲለካ የኖረው ሰው፣ ከሥራው ያተረፈው ነገር ቢኖር የመለካት አመል ነበር። ፋብሪካው የሚያመርተውን መጠጥ ግን በአፉ አያዞርም፤ «ውስጡን የማውቀውን ነገር አልጠጣም» ይላል። ከሥራ መልስ ከጎረቤቱ ከልብስ ሰፊው ጋር ጥግ ላይ ካለችው መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ ቢራውን ይይዝና ያነበበውን ማውራት ይጀምራል። ስለ ከዋክብት ርቀት፣ ስለ ንብ ዐይን፣ ስለ ባሕር ወለል የሚያትቱ፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ አሮጌ መጻሕፍትን ከመንገድ ዳር እየለቀመ ያነብ ነበር። ልብስ ሰፊው «ፕሮፌሰር» ብሎ ስም ያወጣለት ስለዚህ ነው። ስሙ የአክብሮት አለመሆኑን ሁለቱም ያውቁታል።

ከሁሉም የጸናበት ግን ዝናቡ ነበር። አንድ መጽሐፍ አንብቦ ሲጨርስ ከቆርቆሮ ዝናብ መለኪያ ሠርቶ ግቢው ውስጥ ተከለ። ከዚያን ቀን ወዲህ በየጠዋቱ፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ፣ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ቀጭን የመስታወት መለኪያ ይገለብጣል፤ ጎንበስ ብሎ ዐይኑን ከውሃው ጋር ትክክል ያደርግና ሚሊ ሜትሩን በደብተር ያሰፍራል። ትኩሳት ይዞት ግድግዳ ተደግፎ የወጣበት ጠዋት አለ።

ፋብሪካው በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ከፍቶ የክፍል ኃላፊነት ሲሰጠው፣ ሚስቱ ሻንጣዎቹን ከቁም ሣጥን ላይ አውርዳ አቧራቸውን አራገፈች። እሱ ግን አንድ ሳምንት አንገቱን ደፍቶ ከረመና፣

«ቦታው ከተቀየረ ልኬቱ ይቋረጣል» አላት።

«እዚያም እኮ ይዘንባል።»

«ያ ሌላ ዝናብ ነው።»

ሻንጣዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰች። ኃላፊነቱንም እሱ ራሱ ሥራ ያስተማረው ሰው ወሰደው። በዚያ ጉዳይ ዳግመኛ አልተነጋገሩም፤ ቁም ሣጥኑ ላይ የተመለሱት ሻንጣዎች ግን ባያቸው ቁጥር ያንገበግቡት ነበር።

ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ አንድ ነገር አስተዋለ፦ የዓመቱ ድምር ያለማቋረጥ እየቀነሰ ነው። «ዝናቡ እየከዳን ነው» አለ መጠጥ ቤት።

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን፤ አንተ ደግሞ ጠብታህን» አለው ልብስ ሰፊው።

አሥራ አንደኛው ዓመት ሲሞላ ለሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈ። ስምንት ጊዜ ጽፎ ስምንት ጊዜ ቀደደ፤ ዘጠነኛውን ላከ። ደብተሩን ቢቀበሉት የሚስቱን ዐይን ቀና ብሎ ማየት የሚችል መስሎት ነበር።

አንዲት ወጣት ባለሙያ መጣች። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ አልዘለሉም? የእኛ ጣቢያዎችም እንዲህ አልያዙም።»

ሚስቱን ሰረቅ አድርጎ አያት። ፊቷ ፈካ ብሏል።

«መለኪያውን ልየው?» አለች ባለሙያዋ።

ወደ ግቢ ወጡ። ልጅቷ ቆርቆሮውን አላየችም፤ ያየችው ወደ ላይ ነው። ከአጥሩ ጥግ የበቀለ ዛፍ ቅርንጫፎቹን በመለኪያው አናት ላይ ዘርግቷል።

«ይህ ዛፍ መቼ ተተከለ?»

«መለኪያው በቆመ ዓመት» አለች ሚስቱ።

ባለሙያዋ እጇን ወደ ቅርንጫፎቹ ዘረጋች። «ጋሼ፣ መለኪያ ሜዳ ላይ ነው የሚቆመው። ቅጠሉ ዝናቡን ቀድሞ ይቀበልብዎታል። ዝናቡ አልቀነሰም፤ ዛፉ ነው ያደገው።»

«ይቆረጥ ብዬው ነበር» አለች ሚስቱ። «ልብስ የማሰጣበት ፀሐይ ከለከለኝ ብዬ። ዛፍ ዝናብ ይስባል ተብሎ ተጽፏል፣ አይነካም አለኝ።» በምሬት አልተናገረችውም፤ በምሬት ብትናገረው በቀለለው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ውሃው እንዳጎነበሰ፣ ቀና ብሎ ሰማዩን አላየም።

«የመጀመሪያዎቹስ ዓመታት?» አለ።

«ሦስቱ ደህና ናቸው። ግን ሦስት ዓመት... ምንም አይባልም፣ ጋሼ።» ደብተሩን በሁለት እጇ መለሰችለት።

ወደ ማታ ልብስ ሰፊው ገና ከበር ሲያየው፣ «እህስ ፕሮፌሰር፣ ደብተርህን መንግሥት ወረሰው?» አለ።

«ወሰዱት።»

ለምን እንደዋሸ ራሱም አላወቀም። ልብስ ሰፊው የጀመረውን ሳቅ ዋጠ፤ ከወንበሩ ተነሥቶም እጁን ጨበጠው።

«ታዲያ ዝናቡ የምር እየቀነሰ ነው?»

«እየቀነሰ ነው።»

«እኔስ ብያለሁ፣ ይህ ሁሉ የእኛ ክፋት ነው» አለና ለጎረቤት ጠረጴዛ አስተላለፈው። ጥቂት ቆይቶ ቤቱ በሙሉ ስለሸሸው ዝናብ ያወራ ጀመር። አንድ የማያውቀው ሰው ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ከስንት ወደ ስንት ነው የቀነሰው?» ሲል በትሕትና ጠየቀው። እሱም ቁጥሮቹን ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ፣ አንድም ሳይሳሳት፣ በቃሉ ነገራቸው።