አስተናጋጁ የከለከለውን እኔ መከልከል አቃተኝ

«መታወቂያህን አሳየኝ» አለው አስተናጋጁ ልጄን፣ ዛሬ ጣና ላይ በጀልባ ስንሄድ።

ከፍኖተ ሰላም ቤተሰቡ ሁሉ ለሽርሽር ወጥተን ነበር። ልጄ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «ሃያ አንድ ላልሞላው ቢራ አልሸጥም» ሲል አስተናጋጁን በልቤ መረቅሁት።

ታላቅ ወንድሜ ግን ሳቀ። «ጠላ እየጠጣ ያደገውን ልጅ? በል ለእኔ ሁለት አምጣ!» አንዱን ለልጄ ሰጠው።

አባቱን የቀማኝ መጠጥ ነው። ወንድሜም ያውቃል።

«ጋሼ፣ ይተውት እባክዎ» አልሁ።

«አንች አይደለሽም በየማኅበሩ የምትቀጅለት?»

እውነቱን ነው። ያውም «ጎበዝ፣ ጨርሰው!» እያልሁ።

ልጄ ጠርሙሱን ይዞ ዐይን ዐይኔን አየኝ፤ ከልክይኝ የሚል ይመስላል። እኔ ወደ ውሃው ዞርሁ።

እናንተ በታላቅ ፊት ልጃችሁን እንዴት ትከለክላላችሁ? የሆነላችሁ ንገሩኝ።