ሐኪሙ ያለውን ሁሉ

የመን፣ ኤደን ከተማ፣ ሼክ ዑስማን ሰፈር ውስጥ፣ ከብረት በያጆች ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች፣ ከሰዓት በኋላ የተሰደደውን የአገራችንን ሰው ልጆች አስተምራለሁ። በጀመርኩበት ዓመት የተጨነቀ ጎረምሳ በምን እንደሚለይ አጭር ሥልጠና ወስጄ ነበር፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መተው፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ራስ ምታት፣ ድንገተኛ ቁጣ። ሁሉንም አጥንቼ ክፍል ስገባ ግን ግራ ገባኝ። የኤደን ሙቀት በርትቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ማራገቢያ በቆመበት ሌሊት ማን ይተኛል? ሁሉም ያንቀላፋሉ፤ ሁሉንም ራሳቸውን ያማቸዋል። በሥልጠናው መሠረት ክፍሉ በሙሉ፣ እኔም ጭምር፣ ተጨንቀናል ማለት ነው።

ስለዚህ የራሴን ዘዴ አበጀሁ። ምልክት መፈለግ ትቼ ለውጥ መፈለግ ጀመርኩ፤ ልጁ ትናንት የሚወደውን ዛሬ ከሸሸ፣ እዚያ ላይ መቆም አለብኝ ብዬ። ልጅቷን ያገኘኋት በዚህ መንገድ ነው።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ሳዑዲ ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል፤ እናቷ ዳር ሰዓድ የሚባለው ሰፈር መንገድ ዳር ሳምቡሳ ይሸጣሉ። ዓረብኛ ለማይሰሙ የሰፈሩ እናቶች ሁሉ አስተርጓሚያቸው እሷ ናት፤ አከራይ ሲቆጣም፣ ሐኪም ቤት ሲኬድም እሷን ይጠራሉ። ክፍል ውስጥ የትርጉም መልመጃ ስሰጥ ቀድማ ትጨርስና የዘገዩትን ታበሽቃለች።

“አንተ! እስክትጨርስ እኮ ሳዑዲ በእግር ይደረሳል!”

አንድ ቀን ወረቀቷን ባዶውን ሰጠችኝ።

“ምነው?”

“ደከመኝ፣ ኡስታዛ። ሒሳብ ስጪኝ። ቃል ያለበት አትስጪኝ።”

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ እግራቸው አብጦ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል።

“ኩላሊት ነው አሉኝ፤ ቀላል ነው። ጨው መተው ነው” አሉ። “ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ልጄ ትነግረኛለች። ጆሮዬ እሷ ናት።”

በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሬያቸው ገባሁ። ሐኪሙ ዓረብኛውን አፍጥኖ፣ ሁለቱም ኩላሊቶች ሊቆሙ ጥቂት እንደቀራቸው፣ ደማቸው በመሣሪያ ካልታጠበ ሩቅ እንደማይሄዱ ተናገረ። እስካሁን እጥበት ለምን እንዳልጀመሩም ጠየቀ። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች።

“መድኃኒቱን ቀጥዪ፣ ጨው ቀንሺ፣ ድካም አታብዢ ይልሻል።”

“ይኸው ነው? ብዙ ተናገረ እኮ።”

“ዓረብ ወሬ ያበዛል፣ እማ።”

እናቷ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። መድኃኒት እስኪሰጣቸው ኮሪደሩ ዳር ወሰድኳት።

“ከነገርኳት ትድረኛለች” አለችኝ፣ ገና ሳልጠይቃት። ቢር ፈድል በሚባለው ሰፈር እርሻ ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። እናቷ እምቢ ያሉት ጤና ነኝ ብለው ነው። “‘አንድ ነገር ከሆንኩ፣ ሰው እጅ ላይ ሳላኖርሽ አልሞትም’ ብላ ምላለች።”

“ካልነገርሻትስ?”

“ካልነገርኳት ትሞታለች። አውቃለሁ፣ ኡስታዛ። በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ዋላሂ፣ ድምፄ አይወጣም።”

እኔ ነገር ደረጃ በደረጃ ይፈታል ብዬ የማምን ሰው ነኝ፤ እንደዚያው አስረዳኋት። ሦስተኛ መንገድ ይኖራል፣ እስኪገኝ ትንሽ ታገሺኝ አልኳት። ከዚያ መዞር ጀመርኩ። እጥበቱ አለ፤ ግን በሳምንት ሁለት ቀን መመላለስ፣ በሽተኛዋን ደግፎ የሚያወጣና የሚያወርድ ሰው ያስፈልጋል። እርዳታ ይሰጣሉ የተባሉ ቢሮዎች ዘንድ ሄድኩ፤ “ኢንሻአላህ፣ ነገ” አሉኝ። ነገም ሄድኩ።

ሦስተኛው መንገድ ሳይገኝ እናቷ ትንፋሽ አጥሯቸው ሳምቡሳቸው አጠገብ ወደቁ።

እንደገና ሐኪሙ ፊት ተቀመጥን። ያንኑ ደገመ። ሁለቱንም ቋንቋ ስለማውቅ ለእናቷ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ልጅቷ እጄን ያዘችኝ።

“እኔው ልንገራት።”

ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ ሐኪሙን እያስቆመች፣ ምንም ሳታጎድል አስተረጎመች። ስለ ራሷ የተባለውን እንኳን አልተወችም። “‘ለልጅቷ ስንት ጊዜ ነገርኳት’ ይላል” አለች።

እናቷ አተኩረው አዩዋት። አልተቆጡም። “አልሐምዱሊላህ” ብለው ጫማቸውን በእግራቸው ፈለጉ።

ስንመለስ በደባብ፣ ማለትም በትንሿ የሕዝብ መኪና፣ ሦስታችንም ኋላ ተቀመጥን። እናቷ ስልክ አውጥተው ለአንድ ዘመዳቸው ደወሉ። “ሰውየውን ይምጣ በለው” አሉት። ተሳፋሪዎቹ ዓረቦች ስለነበሩ፣ ነገሩን የሰማነው ልጅቷና እኔ ብቻ ነን።

“እትዬ” አልኳቸው፣ “እጥበቱ ይቅደም፤ ኒካሑ ይቆይ። ትምህርቷን ትጨርስ።”

“እጥበት ማን ይወስደኛል? አንቺ?”

“እኔ...”

“አንቺማ የሰው ልጅ ታስተምሪያለሽ፣ ልጄ። ሰውየው መኪና አለው። አማቱን በር ላይ ጥሎ አይሄድም።”

የማስረዳው ብዙ ነበረኝ። ልጅ መሆኗን፣ ሰውነቷ አለመጽናቱን፣ አእምሮዋ የተሸከመውን አውቃለሁ። ሁሉም ልክ ነው፤ ግን አንዱም አንዲት በሽተኛ ደግፎ እጥበት አያደርስም። ሌላ ሰው፣ ሌላ መኪና በሐሳቤ ፈለግሁ። አጣሁ።

ልጅቷ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ “ተያት፣ ኡስታዛ” አለችኝ። “እውነቷን ነው።”

ዳር ሰዓድ ስንደርስ ሾፌሩን አስቆመችው። ቀድማ ወረደችና የእናቷን ያበጠ እግር በሁለት እጇ ይዛ፣ መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን መሬት ላይ አኖረችው። እኔ ውስጥ ቀረሁ፤ የመኪናው በር ተዘጋ።