አጥር ይዞ የሄደው ተሳቢ

ይህ የሆነብኝ ባለፈው ዓመት፣ ቡና መጫን በተጀመረ ሰሞን፣ ዲላ ውስጥ ነው። በከባድ መኪና ሹፌርነቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ሚስት ለማግባት ተሳቢ አያይዝ ተብዬ የተፈተንኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። እስካሁን ሳስበው አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ያልበኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰብለ ጋር ከተዋወቅን ቆይተናል፤ እሑድ ሽማግሌ ልልክ ቆርጫለሁ። አባቷ ጋሽ ሞላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቁጣ የሚቀድማቸው ሰው ናቸው። አጥራቸውን ተጠግቶ መንገድ ዳር የቆመ አንድ ተሳቢ አላቸው። አሠሪዬ ከይርጋጨፌ ቡና ሊያስጭንበት ያንን ተሳቢ ተከራየ። ጋሽ ሞላ የሚመጣው ሹፌር እኔ መሆኔን ከሚስታቸው ከእትዬ አልማዝ ሲሰሙ፣ «ሽማግሌው ይቆይ። መጀመሪያ ተሳቢዬን ሲያያይዝ ልየው። ተሳቢ በወጉ ማያያዝ ለማይችል ሰው ልጅ አልሰጥም» አሉ። ሰብለ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ትስቃለች። እኔ አልሳቅኩም።

በቀጠሮው ጠዋት ጎታቹን መኪና ይዤ ደረስኩ። ጋሽ ሞላ ከዘራቸውን ተደግፈው በር ላይ ቆመዋል። ሰላምታዬን በአገጫቸው ተቀበሉና «ቀጥል» አሉኝ። ሴቶቹስ ብል ገበያ ወጥተዋል አሉ። ተመስገን አልኩ፤ ብሳሳት እንኳ ሰብለ አታየኝም።

የሰፈር ሰው ግን መኪና ወደ ኋላ ሲል ካየ ዝም አይልም። ሁሉም ወጣ። «ና! ና! ና! ወደ ግራ! ኧረ ወደ ቀኝ ነው! ያዝ!» አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በጌዴኦኛ፣ አንዷ ባለሱቅ ደግሞ በዣንጥላ። በሕይወቷ መሪ ጨብጣ አታውቅም እኮ! ተናደድኩ። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «እባካችሁ፣ አንድ ሰው ብቻ ይናገር!» ብል ሁሉም በአንድ ድምፅ «እሺ፣ ና! ና!» አሉኝ።

ትቻቸው ወረድኩ። የተሳቢው ጎማ ሥር ታኮ የተደረጉትን ድንጋዮች አየሁ። ከፍታውን አየሁ፤ የተሳቢው አፍንጫ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ከሥሩ የወጣው ፒን የመኪናዬ መቆለፊያ ውስጥ ሳይገባ ዘሎት ያልፍና ጋቢናውን ይመታል። የመኪናዬ ጀርባ ላይ ያለውን ክብ ብረት ግራሶ ቀባሁት። ከዚያ ቀስ ብዬ ገባሁ። ቋ! አለ። ሥር ገብቼ በባትሪ ሳይ የመቆለፊያው መንጋጋ ፒኑን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል፤ ክፍተት የሚባል የለም። የአየር ቱቦዎቹንና የመብራቱን ገመድ አገናኘሁ። የተሳቢውን እግሮች ከመሬት ትንሽ ከፍ አደረግኩ።

«አሁንስ?» አሉ ጋሽ ሞላ።

«አሁን ጋሼ፣ የተሳቢው ፍሬን እንደተያዘ ወደ ፊት ሳብ አድርጌ እሞክረዋለሁ። መንጋጋው የሚለቅ ከሆነ መንገድ ላይ ከሚለቅ እዚሁ ቢለቅ ይሻላል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ። እኔም ልቤ ሞቅ አለ። ገብቼ ሳብ አደረግኩት። ንቅንቅ አላለም።

«ጠንከር አድርገህ እንጂ! ፈራኸው እንዴ?» ብለው ጮኹ።

ደሜ ፈላ። ነዳጁን ረገጥኩት። ብዙ የቆመ ተሳቢ ስለሆነ ይሁን እንጃ ፍሬኑ ለቀቀ፣ ድንጋዩ ተንከባለለ፣ ተሳቢው ወደ ፊት ዘለለ። ወዲያው ከኋላ ጓጓጓጓ የሚል ድምፅ መጣ። በስፖኪዮ ሳይ የጋሽ ሞላ የቆርቆሮ አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ መንገዱ እየተኛ ነው።

ደግነቱ ማንንም አልነካም። ግን ከአጥሩ ጀርባ ሰው ነበር። ገበያ ወጥተዋል የተባሉት ሴቶች በሙሉ! እትዬ አልማዝ፣ ሁለት አክስቶች፣ ሰብለ፣ ሁሉም ጎንበስ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተደርድረዋል። ለካ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሲያዩኝ ነበር። ቆርቆሮው ሄዷል፤ እነሱ ግን ደንግጠው አሁንም እንዳጎነበሱ ናቸው።

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ሞላ በርበሬ መሰሉ። «ውረድ! አጥሬን አፈረስከው! ሽማግሌ የሚባል ነገር አጥሬ ጋ እንዳይደርስ!»

«የትኛው አጥር ጋ?» አለ ከተሰበሰቡት አንዱ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሰብለ አመለጠችኝ፣ በቃ አለቀልኝ ብዬ ወረድኩ። ዞሬ ሳይ የአጥሩ የማዕዘን ቋሚ በወፍራም ሽቦ ከተሳቢው ጋር ተጠፍሯል። የትኛው ሞኝ ነው ይህን እዚህ ያሰረ ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ሞላን አየኋቸው። ዓይናቸው ሽቦው ላይ ተተክሏል። ጆሯቸው ሳይቀር ቀልቷል። ገባኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዙሪያውን ማየት ነበረብኝ» አልኩ።

እትዬ አልማዝ ግን ቆርቆሮውን እየረገጡ መጡ። «አንተ ደግሞ ምን አድርገህ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው! ሞላ! ክረምት ላይ አጥሩ ሲያዘነብል አዲስ ቋሚ እናቁም ብልህ፣ ‹ተሳቢው የትም አይሄድ› ብለህ በገዛ እጅህ ያሰርከው አንተ አይደለህም? ጠንክረህ ሳብ ያልከውስ ማን ነው?»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ጋሽ ሞላን ማየት ጀመረ። እሳቸው ከዘራቸውን አቀበሉኝ፣ ባትሪውን ተቀበሉኝና እያቃሰቱ ተሳቢው ሥር ገቡ። በጣም ቆዩ። ከሰብለ ጋር ተያየን፤ እሷም እንደ እኔ ትንፋሿን ይዛለች።

እዚያው ሥር እንዳሉ፣ ፊታቸው ሳይታይ፣ «ይዟል» አሉ።

ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «እሑድ ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አጥሩ ገና ስላልቆመ ሰፈሩ በሙሉ ሽምግልናውን መንገድ ላይ ቆሞ ተከታተለ። ዛሬ ሰብለ ባለቤቴ ናት። አጥሩን ከጋሽ ሞላ ጋር አብረን አቆምነው፤ ስለ ሽቦው እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ። ያን ዕለት ጥፋቱን በራሴ ላይ ማድረጌን የሰሙ ጓደኞቼ «አንተ ብልጥ!» ይሉኛል። ትልቅ ሰው በሰው ፊት ሲያፍር ማየት አስጠልቶኝ ነው እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው፤ ግን ሰብለም እያየችኝ ነበር።