ጎረቤላ በአምስተርዳም በኩል

ቪፒኤን ኢንተርኔት አያፈጥንም። ያፈጥናል የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል፤ ተሳስተዋል። መንገድ ነው የሚያስረዝመው። በሩ ሲዘጋ በጓሮ ዞሮ መግባት ብልሃት ነው፤ ከተከፈተ በኋላም መዞር ግን ጉልበት መጨረስ ነው። ይህን ደብረ ብርሃን ውስጥ ተናግሬ ተናግሬ ደክሞኛል።

በምኖርበት ግቢ ያለችው አንዲት የኢንተርኔት መስመር ናት፤ አራት ቤት እንጋራታለን። አከፋፋዩ እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፤ የመስመሯን ማከፋፈያ፣ የራውተሩን የይለፍ ቃል የማልረሳው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። የግቢው ባለቤት ቄስ ከቅዳሴ መልስ የቪዲዮ ስብከት ከፍተው ያንቀላፋሉ፤ ስብከቱ ግን መስመሯን ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ራውተሩ ለጥሪ ቅድሚያ እንዲሰጥ አስተካከልኩት። ጥሩ ዕቅድ ነበር።

ፍርሃትን ግን አላሰብኩበትም። መተግበሪያዎች ተዘግተው በከረሙ ጊዜ ግቢው ሁሉ በሌላ አገር አዙሮ የሚያስገባውን ቪፒኤን ጫነ፤ ሲከፈቱ ማንም አላጠፋም። በቪፒኤን የሚያልፍ ነገር ደግሞ የታሸገ ነው፤ ራውተሩ ጥሪ ይሁን ስብከት አይለይም። ቅድሚያዬ ከንቱ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቴ ግድግዳዬን ደበደበች። ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች ናት፤ አራስ ስለሆነች ልጇ ክርስትና እስኪነሳ ከቤት አትወጣም። እናቷ እዚሁ ቅርብ፣ ጎረቤላ ከተማ ዘመድ ቤት ታመው ተኝተዋል፤ የልጅ ልጃቸውን ገና አላዩም። በሯ ላይ ስደርስ ስልኳን አሳየችኝ። ሕፃኑ ክንዷ ላይ ጡጫውን ይጠባል፤ ስክሪኑ ላይ ግን አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀርቷል። የእናቷ ድምፅ ይቆራረጣል፦ «አይንቀሳቀስም እኮ! ምን ሆኖብሽ ነው የምትደብቂኝ?»

«ቪፒኤኑን አጥፊው» አልኳት።

«ተመልሶ ባይበራስ፣ ጋሼ? እማዬን በሕይወት ያገኘኋት በዚህ ነው።»

ቄሱ ከበረንዳቸው ጮኹ፦ «እንዳታጠፊ ልጄ! እሱ መጽሐፍ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው፣ ምን ያውቃል?»

«አባ፣ በቪፒኤን ጥሪው እዚህ ጎረቤላ ለመድረስ አምስተርዳም ሄዶ ነው የሚመለሰው!»

«ታዲያ ምን አለበት? በእግሩ አይሄድ!»

እናቷ ማልቀስ ጀመሩ። አራሷ ዓይኗን ጨፍና አጠፋችው።

ጥሪው ተቋረጠ። ምን አድርገህ ነው በሚል ዓይን አየችኝ፤ እኔም ራሴን ያንኑ ጠየቅሁ። እንደገና ደወለች። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ሕፃኑ አዛጋ።

«አዛጋ! ኧረ አዛጋ!» አሉ እናቷ፣ እየሳቁ እያለቀሱ። ቄሱም ነጠላቸውን እየጎተቱ መጥተው በትከሻዬ በኩል አዩ። ስብከታቸውን አላጠፉም፤ ራውተሩ ግን አሁን ጥሪዋን ለይቶ አስቀድሟል።

በማግስቱ የቪፒኤኑ ምልክት ስልኳ አናት ላይ ተመልሶ ነበር። «እንዳይዘጋብኝ ብዬ ነው» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። እሷ የምትፈራው ነገር አላት።

እርስዎ ግን ይህን የሚያነቡት ከሰው ጋር በሚጋሩት መስመር፣ ያለ ምንም ምክንያት ቪፒኤን ከፍተው ከሆነ፣ ያጥፉት። አሁኑኑ።