ከገንቦው ላይ የቆረጥኳት ሴት

ምላጭ ወረቀት ላይ ሲሄድ ስሰማ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። ያኔ አዲስ አበባ የሥዕልና የኅትመት ተማሪ ነበርኩ። ለክረምት ወደየአገራችን ስንበተን መምህራችን ስለ ትውልድ ከተማችሁ ባለ ስምንት ገጽ መጽሔት አዘጋጅታችሁ ኑ አለን፤ ፎቶውን በምላጭ እየቆረጥን፣ የጽሑፉን ቦታ በማስመሪያ እየለካን፣ በሙጫ ለጥፈን። ጎንደር ስደርስ አንድ ሹም ስለ ሥራዬ ሰምቶ፣ ካማረ በመሥሪያ ቤቱ ወጪ አሳትመዋለሁ አለኝ። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። አሁን «እሱ» ብለው ማን ይቆጣኛል?

ከፎቶዎቼ ሁሉ የምወደው ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው መንደር፣ ወለቃ፣ ሄጄ ያነሳኋትን ሸክላ ሠሪ ነበር። ቤተ እስራኤል ናት። ከተማው እሷንና ዘመዶቿን ቡዳ ናቸው እያለ ይሸሻል፤ ገንቧቸውን ግን ተሻምቶ ይገዛል። ካሜራዬን ስታይ የእጇን ጭቃ ታጥባ፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ መጣች። በዕድሜዋ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። አዲስ የሠራችውን ገንቦ አቅፋ ቆመችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ከሰው መሀል ታስገባኛለህ?»

ምን ችግር አለው ብዬ ቃል ገባሁላት።

አራተኛው ገጽ ላይ አስገባኋት። ትይዩዋ፣ አምስተኛው ገጽ ላይ፣ ታቦት የተሸከሙ ካህን ነበሩ፤ ቀደም ሲል በጥምቀት የተነሳ ፎቶ ነው። ሹሙ ሥራዬን ገለጠና ፊቱ ተቀየረ። ቀስ ብሎ መልሶ ዘጋውና መዳፉን ከላይ ጫነበት።

«አሁን የት ናት?» አለኝ።

አልገባኝም ነበር። መጽሔቱ ሲዘጋ ሁለቱ ገጾች ይገጥማሉ፤ ፊቷ ታቦቱ ላይ ተለጠፈ ማለቱ ነው። ወይ ጉድ! የቀለም ፊት የቀለም ታቦት እንዳይነካ! እሺ አልኩት። ወደ ሁለተኛው ገጽ ወሰድኳት። እዚያ ደግሞ በወረቀቱ ጀርባ ጃንሆይ አሉ ተባለ። ስድስተኛው ላይ ሳደርጋት ትይዩዋ የሹሙ የራሱ ፎቶ ሆነ፤ ጭራሽ አማተበ። ይህን ሁሉ ሲል ላብ አጥምቆት ስለነበር ጥግ ላይ ከቆመው ገንቦ ውሃ አስቀድቶ ግጥም አድርጎ ጠጣ። የወለቃ ገንቦ ነው።

በመጨረሻ ሴትዮዋን አውጣት አለኝ፤ ገንቦው ግን ይቆይ፣ ገንቦው ምን አደረገ። መጽሔቴ ታትሞ ማየት እፈልግ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ብፈልግም አላገኝም። ምላጬን አንስቼ ከትከሻዋ ጀምሬ ቆረጥኳት። ጣቶቿ ገንቦውን ስላቀፉ እነሱን ብቆርጥ ገንቦው ይጎረዳል፤ በጥቁር ቀለም ደፈንኳቸው። ቁራጩ ምላጩ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ሲለኝ በጥፍሬ ፋቅኩት።

መጽሔቱ ታተመ። አንዱን ይዤ በእግሬ ወለቃ ወረድኩ። እጇን አጥባ፣ አድርቃ ተቀበለችኝ። ማንበብ ስለማትችል የሰዎቹን ፊት ብቻ እያየች ገጹን አንድ በአንድ ገለጠች። ጨረሰችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከዚያ ጣቷን ገንቦው ላይ አሳረፈች።

«ገንቦዬስ ሸጋ ሆኗል» አለች። «እኔን ምነው?»

ሲታተም ፎቶው ተበላሸ ብዬ ዋሸኋት። አመነችኝ። እንዲያውም እኔን ማጽናናት ጀመረች፤ ፊቷን የምድጃው እሳት እንዳከሰለው፣ ለፎቶ እንደማይሆን፣ እንዳላዝን። እዚያው ቆሜ ራሴን ጠላሁት።

በእግሬ የመጣሁበትን መንገድ አስባ ኖሮ ገባ ብላ ለእንግዳ ለይታ ባስቀመጠችው ዋንጫ ውሃ ይዛልኝ ወጣች። እጄን ልዘረጋ ነበር። ከልጅነቴ ስለ ቡዳ የሰማሁት ሁሉ መጣብኝና እጄን ሰበሰብኩ።

«ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ በአፌ አልዞረም ነበር። ዋንጫውን አየችው፣ ደግሞ የደረቀ ከንፈሬን አየችው። ከዚያ መጽሔቱን መለሰችልኝና ውሃውን ደጅ ደፋችው።